ሊቀ ቀለማት ደባልቄ እና የሐሙሱ ሪፖርት

በዚህች አገር፣ ከውስጡ ይልቅ ላዩ የሚያስጨንቀው አንድ ሰው ያልተቀጠረበት መሥሪያ ቤት የለም። ታውቁታላችሁ። ደብዳቤ ሲረቀቅ ሐሳቡን ትቶ ኅዳጉን በማስመሪያ የሚለካው እሱ ነው። ማኅተም ትንሽ ጠመም ካለች "ይሄ ዓይን ያማል" ብሎ እንደገና ያስመታል። ስብሰባ ላይ በጀቱ ሲነሣ ዝም ብሎ ይቆይና የባነሩ ቀለም ሲነሣ እጁን ያወጣል። ጡረታ ወጣ ተብሎ ግልግል አይባልም፤ መንግሥት በምን ብልሃት እንደሚያገኘው እንጃ፣ በወሩ አምሳያው ይተካል።

አሶሳ ውስጥ ለየወረዳው መድኃኒት በሚያከፋፍል አንድ ቢሮ ይህን ከባድ አደራ የተሸከሙት ክቡር አቶ ደባልቄ ነበሩ። የሥራ መደባቸው የሪፖርትና ክትትል ቡድን መሪ ይላል። የቢሮው ሰው ግን በሌሉበት "ሊቀ ቀለማት" ይላቸዋል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ አድገው፣ ተምረው፣ ወልደው የከበዱ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ አሶሳ ኖረው ንግግራቸው ግን ዛሬም ከወሎ አልወጣም።

"ሪፖርት ፊት አለው" ይላሉ። "ፊቱን ያልታጠበ ሪፖርት ኸዚህ ቢሮ አይወጣም።"

ይህ አባባል በዋናነት የሚያርፈው ጋዲሴ ላይ ነው። ጋዲሴ የባምባሲ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወለጋ መጥተው እዚያ በቆሎና ማንጎ ያለማሉ። ኮምፒውተር ተምራ፣ በዚህ ቢሮ የመረጃ ባለሙያ ሆና ተቀጠረች። ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው። በየሳምንቱ ከየጤና ኬላው ስንት የወባ ሕመምተኛ እንደታከመ፣ ምን ያህል መድኃኒት እንደቀረ ይላክላታል፤ እሷ ወደ ዳታቤዝ ታስገባለች። ሐሙስ ጠዋት አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ከዳታቤዙ አውጥቶ ኤክሴል ላይ ሰንጠረዥ ይሠራል። ሰንጠረዡ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ወደ መጋዘን ይሄዳል። መጋዘኑ በዚያ መሠረት ይጭናል፤ መኪኖቹ ይወጣሉ።

ችግሩ ያለው ቁልፉን በመጫንና በማተም መካከል ነው።

ፕሮግራሙን የጻፈው ከጋዲሴ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው፤ ሸርቆሌ አካባቢ ከሚሠራ ድርጅት ሥራ አግኝቶ ሄደ። ትቶት የሄደውን ጋዲሴ እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ ነው የምትነካው። ጋሽ ደባልቄ አንድ ጌጥ ባዘዟት ቁጥር መጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት መስመር ትቀጥልበትና ትወጣለች። ጋሽ ደባልቄ ደግሞ ማዘዝ አይሰለቻቸውም። መጀመሪያ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ ቀለም እንዲኖረው ሆነ። ቀጥሎ ክፈፉ ባለ ሁለት መስመር ሆነ። ርዕሱ ወርቃማ ሆነ፤ ለወርቃማው ርዕስ ጥላ ተደረገለት። አንድ ጊዜ የባምባሲን ረድፍ ታትሞ ካለቀ በኋላ መለሱባት፤ "የማንጎ አረንጓዴ ነው ያልኩሽ፣ ይሄ ጎመን ነው" ብለው። የማንጎው ፍሬ ነው ወይስ ቅጠሉ ብትላቸው ደስ አላቸው፤ በመጨረሻ የሚገባው ሰው አገኙ። ወንበር ስበው ስለ ቅጠሉ አስረዷት።

ከቢሮ ውጭም ያው ናቸው። የሠርግ መጥሪያ ሲደርሳቸው ማን ማንን እንደሚያገባ ከማንበባቸው በፊት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው የጽሑፉን አሰላለፍ ያያሉ። አንዱ የሥራ ባልደረባ ልጁን ሲድር፣ ድንኳን ውስጥ ጠጋ ብለው "መጥሪያው ወደ ግራ አዘንብሏል፣ ሙሽራውን ግን ወድጀዋለሁ" እንዳሉት ዛሬም ይወራል።

ሐሙስ ጠዋት ጋዲሴ ቁልፉን ስትጫን እንግዲህ ይህ ሁሉ ጌጥ ከአንዲት የሰንጠረዥ ሳጥን ወደ ሌላዋ እየተላለፈ መቀባት ይጀምራል። ሌላው ሠራተኛ ሻይ ጠጥቶ፣ ቁርስ በልቶ ሲመለስ ገና የሆሞሻ ወረዳ ረድፍ ላይ ነው። ጋሽ ደባልቄ ግን ሻይ አይወጡም። ወንበራቸውን ከጋዲሴ ወንበር አጠገብ ያደርጉና መነጽራቸውን ጠርገው እንደ ፊልም ያዩታል።

"አየሻት፣ መጣች። አሁን ኩርሙክ ልትቀላ ነው።"

ኩርሙክ ትቀላለች። ጋዲሴ ሰዓቷን ታያለች። ጋሽ ደባልቄ ይህን ሲያዩ "አብሽሪ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይሏታል። እሷም በሆዷ፣ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ መኪናው ሳይወጣ ይቀራል ትላለች።

መብራቱም አለ። አሶሳ ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ማንም ቀና ብሎ አያይም። "ግድቡ ጎረቤታችን ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ምንጊዜም መጨረሻ ነው የሚጋበዘው" ይላል የከተማው ሰው። ለጋዲሴ ግን ብልጭታዋ ቀልድ አይደለችም። ሰንጠረዡ ጫፍ ደርሶ መብራት ብልጭ ካለ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ሲነሣ ሥራው ከሀ ይጀምራል።

አንድ የክረምት ሐሙስ መብራቱ ደጋግሞ ተጫወተባት። ሪፖርቱ ታትሞ ሲወጣ ቀኑ ተጋምሷል። መኪኖቹ ተጭነው ሲነሡ ሰማዩ ጠቁሯል። የሸርቆሌው መኪና ሆሞሻን አልፎ አንድ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀው፤ ሾፌሩ እዚያው አደረ።

በማግስቱ ሲስተር ሰዕዲያ ደወለች። ሰዕዲያ በሸርቆሌ ወረዳ የአንድ ጤና ኬላ ነርስ ናት። ጋዲሴ በአካል አይታት አታውቅም፤ በየሳምንቱ ቁጥር ስትነግራት ግን ድምፅዋን እንደ እህት ለምዳዋለች። የወትሮ ቀልዷ የለም። መድኃኒቱ የት ደረሰ ብላ ጠየቀች። ጋዲሴ ወንዙን ነገረቻት።

"መደርደሪያዬ ባዶ ነው" አለች ሰዕዲያ። "ትናንት ማታ አንዲት እናት በትኩሳት የሚነድ ልጅ ይዛ መጣች። የምሰጠው የለኝም፤ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ አሶሳ ላክኋት። መንገድ ላይ ምን እንደሆነ አላውቅም ጋዲሴ። ቁጣ አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው የምነግርሽ።"

ጋዲሴ ይህን ሰምታ መቀመጥ አልቻለችም። ወደ ጋሽ ደባልቄ ጠረጴዛ ሄዳ እንዳለ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት፤ መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ነው ያዘገየው እንጂ ቀለሙ አይደለም አሏት። ድምፃቸው ግን የሚያምኑበት ሰው ድምፅ አልነበረም። ያን ቀን ስለ አንድም ቀለም ሳይነጋገሩ ዋሉ፤ ቢሮው እንደ ለቅሶ ቤት ከበደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሽ ደባልቄ በጠዋቱ ለስብሰባ ተጠሩ። ወንበራቸው ባዶ ነበር። ጋዲሴ ፕሮግራሙን ከፈተችና ጌጥ የሚሠሩትን መስመሮች በሙሉ እንዲዘላቸው አደረገች፤ ቀለሙንም፣ ክፈፉንም፣ ወርቁንም፣ ጥላውንም። ቁልፉን ተጫነች። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሰንጠረዡ ተሠርቶ አለቀ፤ ነጭ፣ ባዶ፣ ራቁቱን። አተመችው። ምክትል ኃላፊው ሳያነቡ ፈረሙ፤ ሪፖርቱ ፀሐይ ሳትጠነክር መጋዘን ገባ። ጋዲሴ ሻይ አዘዘች። ሐሙስ ጠዋት ሻይዋን ሳይበርድ ስትጠጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጨልጣ ሳትጨርሰው ስልኳ ጮኸ። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ሐምዳን ናቸው፤ የበርታ ሰው፣ የተከበሩ፣ ዐረብኛቸው የሰላ፣ አማርኛቸው ደግሞ ሴትንም ወንድንም በአንድ ዓይን የሚያይ።

"ጋዲሴ፣ ይሄ ወረቀት ደም የለውም" አሏት። "አንዱ መኪና ልሂድ ይላል፣ እኔ በር ዘግቼ ያዝኩ። ና፣ ራስህ እይ።"

ባጃጅ ይዛ በረረች።

መጋዘኑን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ወረቀቷ በየሳምንቱ እዚያ እንደሚሄድ እንጂ ምን እንደሚሆን ጠይቃም አታውቅ። ሰፊ ነው፣ ጨለም ያለ ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ መብራት የለም። ካርቶኖቹ በየቦታቸው ተከምረዋል። ወለሉ ላይ በቀለም የተሠሩ ሰፋፊ አራት ማዕዘኖች አሉ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። በየካርቶኑ ላይ ደግሞ ያንኑ ቀለም የያዘ ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። የሚጭኑት ሰዎች አንዱ ጉሙዝ ነው፣ አንዱ በርታ፣ አንዱ ከመንዲ የመጣ ኦሮሞ ነው። እርስ በርሳቸው የሚግባቡት ግማሹን በእጅ ነው። የአማርኛ ፊደል ከመካከላቸው አንዱ ያነባል፣ እሱም ብርሃን ካለ።

አቶ ሐምዳን ነገሩን በአጭሩ አስረዷት። ወትሮ ወረቀቱ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። አረንጓዴው ረድፍ አረንጓዴው ቦታ ነው፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዛሬ ወረቀቱ ነጭ ሆነ። የሚያነበው ሰው እየተንተባተበ ሲያነብ አንድ ረድፍ ወርዶ አነበበ፤ የሸርቆሌው ካርቶን በባምባሲው መኪና ላይ ተጫነ። ሁለቱ መኪኖች ደግሞ መንገዳቸው ለየብቻ ነው፤ አንዱ ወደ ደቡብ፣ አንዱ ወደ ሰሜን። ቢጫ ጨርቅ የታሰረበት ካርቶን በሩ ላይ ሲያልፍ አቶ ሐምዳን ባያዩት ኖሮ መኪናው ሄዷል።

ጋዲሴ አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። የሰዕዲያ ባዶ መደርደሪያ ታያት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል ስትሰማ ያደገችው ነገር ስለ ዱቄት የተነገረ ይመስላት ነበር።

ከዚያ ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ። አቶ ሐምዳን ለእሳቸውም ደውለው ኖሯል፤ ጋሽ ደባልቄ ስብሰባውን አቋርጠው ወጥተዋል። ሲገቡ ጋዲሴን አዩአት፣ ነጩን ወረቀት አዩት። ጋዲሴ የሚመጣውን ለመቀበል ተነሥታ ቆመች። እሳቸው ግን ኮታቸውን አውልቀው ሰጧትና ከኪሱ ባለቀለም እርሳሶችን አወጡ።

"ወረቀቱን ያዥልኝ፣ እንዳይንቀሳቀስ" አሏት።

አንድ ካርቶን ላይ ዘርግተው በእጃቸው መቀባት ጀመሩ። ጋዲሴ እኚህ ሰው ሲፈጥኑ አይታ አታውቅም። ማስመሪያ የለም፣ መነጽር መጥረግ የለም። ቢጫውን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ያስኬዱታል፤ "ቢጫ!" ይላል አንዱ ከኋላቸው በራሱ ቋንቋ፤ ካርቶኑ ከባምባሲው መኪና ወርዶ ወደ ሸርቆሌው ይተላለፋል። እሳቸው ቀና ሳይሉ ወደ ቀዩ ያልፋሉ። ወረቀቱ ግማሽ ሲደርስ ጭነቱም ግማሽ ደርሷል። አቶ ሐምዳን ቆመው እያዩ፣ "ማሻአላህ፣ አሁን ደም ገባ" አሉ።

መኪኖቹ ሁለቱም ደመናው ሳይሰበሰብ ወጡ።

ሲመለሱ በአንድ ባጃጅ ነው። ጋሽ ደባልቄ ጣቶቻቸው ቀለም በቀለም ሆነው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ጋዲሴ ይቅርታ ጠየቀች። እጃቸውን በማወዛወዝ አለፉት።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"የምታውቂ መስሎኝ" አሉ። "እዚህ ስንመጣ እናቴ በርታኛ አታውቅም፣ እነሱም አማርኛ አያውቁም። ገበያ ላይ ግን ቀዩን ቃሪያ ኸአረንጓዴው ለመለየት ማንም አላስተረጎመላትም። እኔና ሐምዳን መጋዘኑን ስናደራጅ እሱ ነው ትዝ ያለኝ። ለሁሉም የሚሆን ፊደል ስናጣ በቀለም ጀመርን።"

 ጋዲሴ አፈረች፣ ደግሞም ደስ አላት፣ ደግሞ አንድ ነገር ከነከናት።

"እሺ፣ ባለ ሁለት መስመሩ ክፈፍስ? እሱንም ጫኞቹ ይፈልጉታል?"

ጋሽ ደባልቄ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

"ወርቃማው ርዕስስ? ጥላውስ?"

"ጥላው" አሉ ቀስ ብለው፣ "ጥላው ያው... ፊት ነው።"

ባጃጁ ውስጥ ሁለቱም ሳቁ። ሾፌሩም ያልገባውን ነገር አብሯቸው ሳቀ።

በማግስቱ ጋዲሴ በሯን ዘግታ ያን የፈራችውን ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበበችው። ያየችው ነገር አስቆጣትም፣ አሳቃትም። ፕሮግራሙ ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ ኤክሴልን የሚያዘው ሳጥን በሳጥን ነበር፤ እሷ የቀጠለቻቸው መስመሮችም ያንኑ ተከትለዋል። "ይቺን አረንጓዴ አድርጋት" ይላል፤ ትእዛዙ ይሄዳል፣ "አድርጌያለሁ" የሚለው መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ከዚያ "ይቺንም" ይላል። ቁጥሩንም እንዲሁ አንድ በአንድ ይወስዳል። ክፈፉን ደግሞ በላይ፣ በታች፣ በግራ፣ በቀኝ ለየብቻ ያሠምራል። በዚያ ላይ አንዲት ሳጥን በተቀባች ቁጥር ስክሪኑ እንደ አዲስ ይሳላል። ከባምባሲ አሶሳ አንድ ሰው ብቻ ጭኖ እያደረሰ፣ ለሚቀጥለው ሰው ባዶውን የሚመለስ ሚኒባስ ማለት ነው። ለካ ቀለሙ አልነበረም ያዘገየው፤ ምልልሱ ነው።

ስለዚህ ሚኒባሱን ሞላችው። ቁጥሩ በሙሉ እንደ አንድ ጥቅል ተጭኖ በአንድ ጊዜ እንዲሻገር አደረገች። ወርቃማውን ርዕስ፣ ጥላውንና ክፈፉን አንድ ባዶ ኤክሴል ላይ አስቀድማ ሠርታ አስቀመጠች፤ ፕሮግራሙ የዚያን ቅጂ አንሥቶ ቁጥሩን ያፈስበታል እንጂ በየሐሙሱ አይለፋም። የአንድ ወረዳ ረድፎች ስንትም ቢሆኑ አንድ ላይ ተይዘው በአንድ ትእዛዝ ይቀባሉ። ሥራው እስኪያልቅም ስክሪኑ እንዳይሳል ዘጋችው። አንድም ጌጥ አልቀነሰችም። ልትቀንስ አስባ ነበር፤ ጥላው ላይ ስትደርስ እጇ እምቢ አላት።

ሐሙስ መጣ። ጋሽ ደባልቄ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ሳቡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ጋዲሴ ቁልፉን ተጫነች። መነጽሩን አፍንጫቸው ላይ ሲያሳርፉ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

"ምነው ቆመ?"

"አለቀ ጋሼ።"

አላመኑም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስደግፈው ከረድፍ ረድፍ ወረዱ። ባምባሲ ማንጎ ናት፤ ቅጠሉ። ሸርቆሌ ቢጫ ናት። ኩርሙክ ቀልታለች። ርዕሱ ወርቅ ነው፤ ጥላውም ከሥሩ ተኝቷል። መጨረሻ ሲደርሱ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ ግን ደግሞ ፊታቸው ላይ የሆነ ጉድለት አለ፣ ልክ ሊያዩት የተቀመጡት ፊልም መጨረሻውን ብቻ አሳይቶ እንደሄደባቸው።

"ጎበዝ" አሏት፤ ቀጥሎም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሻይ ልጠጣ ብለው ወጡ።

ሻዩ ብዙ አላስቀመጣቸውም። በሁለተኛው ሐሙስ መጋዘን ድረስ ወረቀቱን ራሳቸው ወሰዱ። በሦስተኛው የሸርቆሌው መኪና ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ሄዱ። ቀለሙ ኬላው ድረስ ደርሶ ምን እንደሚመስል ማየት የቡድን መሪ ግዴታ ነው አሉ። ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ፣ ፊታቸው በርቶ ነበር። ሲስተር ሰዕዲያ በስልክ ከምትመስለው ቁመቷ አጠር ይላል አሉ። መደርደሪያዋን አንድ በአንድ አይተው፣ መድኃኒቱ መድረሱን አረጋግጠው፣ እግረ መንገዳቸውን የመዝገቦቿን አደራደር አስተካክለውላታል። ወደ አሶሳ የተላከው ሕፃን ድኖ ተመልሷል፤ እሳቸው ሲደርሱ የኬላውን ዶሮዎች እያባረረ ነበር።

ጋዲሴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች። ጉንጯን ስትጠርግ እንዳላዩ ሆነው የመስኮቱን መጋረጃ ማስተካከል ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ጋሽ ደባልቄ ቢሮ የሉም። ጋዲሴ የተመኘችው ይህንኑ ነበር፤ ሪፖርቱ በጠዋት ያልቃል፣ አጠገቧ ስለ ቅጠል የሚያስረዳ የለም፣ ሻይዋ አይበርድም። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ግን እንደጠበቀችው አልጣፈጣትም። አጠገብ ያለ የሰው ወንበር ባዶ ሲሆን ሰፊ ክፍል እንኳ እንዴት እንደሚጨንቅ ያን ጊዜ አወቀች።

ባለፈው ሐሙስ መኪናው ሆሞሻን ያልፋል ብላ ባሰበችበት ሰዓት ደወለችላቸው። የሞተሩ ጩኸት ከድምፃቸው በላይ ነው።

"ጋሼ፣ የሆሞሻን ሰማያዊ አየሁት፤ ትንሽ ፈዘዝ ብሏል መሰለኝ። ምን ላድርገው?"

ሰማያዊው አልፈዘዘም። ሪፖርቱ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ የሄዱበት መኪና ራሱ በዚያው ሪፖርት መሠረት ተጭኗል። ጋሽ ደባልቄ ግን ሾፌሩን ቀስ በል አሉት፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሰማያዊ ማለት ብዙ ዓይነት ነው፣ የጠዋት ሰማይ አለ፣ ዝናብ ያባራበት ሰማይ አለ ብለው ጀመሩ። ጋዲሴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና፣ እያዳመጠች ሥራዋን ቀጠለች።